ጭራ የሌላት መኪና

ሰው ተሰብስቦ በእኔ ቀልድ የሳቀው በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ እያልሁ እስካሁን አንጀቴ ያርራል።

የጥቅምት ሚካኤል ማግስት ነበር። ክንፈሚካኤል የሚባል የመኪና ደላላ ከአዲስ አበባ ሁለት የኤሌክትሪክ መኪኖች አምጥቶ፣ እዚህ ፍኖተ ሰላም፣ ከግቢያችን ፊት ለፊት ባለችው ሜዳ ላይ ጎን ለጎን አቆማቸው። ታላቅ ወንድሜ ይታገሱ ስድስት ዓመት ባጃጅ ነድቷል። ለቤንዚን ቀኑን ሙሉ መሰለፍ፣ ሲብስም በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላውን ከሰው ጓሮ መግዛት አንገሽግሾት ባጃጁን ሸጠ። አባታችን አቶ መንበሩም ከቡሬ ወዲያ ባለው የትውልድ ቀያቸው የነበረውን ባሕር ዛፍ አስቆርጠው ረዱት። የቀረው ከሁለቱ አንዷን መምረጥ ብቻ ነበር። ዋጋቸው እኩል፣ ባትሪያቸው እኩል፣ ፋብሪካቸው አንድ። የሚለያዩት በቅርጽ ነው።

አንደኛዋ ነጭ ናት፤ ከፊት አፍንጫ፣ ከኋላ ኮፈን ያላት፣ ባለሥልጣን የሚወርድባት ዓይነት የቤት መኪና። ሁለተኛዋ ግራጫ ናት። ጣሪያዋ ከፊት ተነሥቶ ሳይሰበር እስከ ኋላ ይሄድና እዚያ በአንድ ጊዜ ቁልቁል ይወርዳል። የኋላ ኮፈን የሚባል ነገር የላትም። በምትኩ ኋላዋ ሁሉ፣ መስተዋቱን እንደያዘ ወደ ላይ የሚከፈት ሰፊ በር ነው። የድሮ ሾፌሮች ስቴሽን የሚሏት ዓይነት።

እኔ ግራጫዋን ገና ሳትመጣ አውቃታለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ሳላመጣ ከቀረሁ ወዲህ ሥራዬ የይታገሱን ባጃጅ ማጠብና ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ማሰብ ነበር። ጓደኛ የለኝም። ሰው ሲበዛ ምላሴ ይተሳሰራል። በደብተሮቼ የኋላ ገጽ ላይ መኪና እሥላለሁ፤ ኔትወርክ በተገኘ ቀን በስልኬ የመኪና ቪዲዮ አያለሁ። ከብዙ ማሰብ በኋላ የደረስሁበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ከወለሉ ሥር እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ነው የሚሠራው። እንደ ድሮው ወለሉን አጉብጦ የሚያልፍ ብረት የለም፤ የጭስ ቱቦ የለም፤ የነዳጅ ጋን የለም። ታዲያ ውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሜዳ መሆን ሲችል፣ መኻሉን በግድግዳ ቆርጦ ኋላውን ሣጥን ማድረግ ለምን? የቤት መኪና ሳሎኑና ጓዳው የተለያየ የከተማ ቤት ነው። ግራጫዋ ግን እንደ ገጠር ቤት ናት። አንድ ጣሪያ፣ አንድ ወለል፤ እንግዳውም፣ እህሉም፣ ጥጃውም አብሮ የሚያድርባት። የኋላ መቀመጫዋ ሲታጠፍ አንድ ረጅም ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛባታል። እኔ በሐሳቤ ስንት ጊዜ ተኝቼባታለሁ! በኋላ መስተዋቷ ሰማዩን እያየሁ ዳንግላ፣ መራዊ፣ ባሕር ዳር ደርሼ ተመልሻለሁ።

በእኛ አገር ትልቅ ነገር ብቻውን የሚገዛ የለም፤ ዐዋቂ ይጠራል። በሰፈራችን መኪና የሚያውቅ ስላልነበረ አባቴ በሬ የሚያውቅ ጠሩ።

አያ ሰውነት አርባ ዓመት በከብት ገበያ የደለሉ ሰው ናቸው። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሁለቱን መኪኖች ሦስት ጊዜ ዞሯቸው። ጎማቸውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ። ሰፈሩም ሥራውን ትቶ ተሰብስቧል።

"እስቲ ሆዱን ክፈተው" አሉት ደላላውን። ከፈተላቸው። ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ኧረ ይኸስ አንጀት የለውም!"

"በመብራት ነው እኮ የሚሄደው፣ አያ ሰውነት።"

"መብራት ሲጠፋሳ?"

"ያን ጊዜ ከበሬዎችዎ ጥንድ ያውሱናል።"

ሰው ሳቀ። አያ ሰውነትም ሳቁና ከግራጫዋ ኋላ ደረሱ። እዚያ ቆሙ። መዳፋቸውን ከጣሪያዋ ጀምረው ቁልቁል አንሸራተቱት፤ ሽንጥ የሚደባብሱ ነው የሚመስሉት።

"ምነው፣ የዚኸኛው ጭራ የት ሄደ?"

"አሠራሩ ነው። ዕቃ በደንብ እንዲይዝ ተብሎ..."

"አሠራሩ! እኔ ሰውነት በዚህ ዕድሜዬ ጭራ ቆራጣ በሬ አስገዝቼ አላውቅም። ጭራ የሌለውን ዝንብ ይጨርሰዋል፤ ዝንብ የጨረሰው አያርስም። መንበሩ ይሙት፣ የዚኸን ጭራ ጅብ ነው የበላው!"

ሳቁ እንደገና ሞላ። አባቴ ግን ነገር ሳይመረምሩ የሚቆርጡ ሰው አልነበሩም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ገነነ፣ አንተ ስለዚህ ነገር ስታነብ ነው የምትውል። እስቲ ተናገር። የቱ ይሻላል?"

ሰው ሁሉ አየኝ። ስለ ወለሉ፣ ስለ ኋላው በር፣ ስለሚታጠፈው መቀመጫ ያሰብሁት ሁሉ እስከ ጉሮሮዬ መጥቶ ነበር። ፊታቸውን አየሁ። ሳቁ ገና ከከንፈራቸው አልወረደም፤ ሌላ የሚስቁበት እየጠበቁ ነው። ይህን ብናገር የሚስቁት በእኔ ነው። እና አፌ ተከፍቶ ያወጣው ሌላ ሆነ።

"አባ፣ በሩ በኋላ የሆነ ቤት የሌባ ቤት ነው። ከፊት ሲያንኳኩበት በኋላ ይወጣል።"

ከዚያ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አያ ሰውነት ትከሻዬን በመዳፋቸው መቱኝ። "እሰይ የኔ ልጅ! ለካ ምላስ አለህ! ደብቀኸው ነው እንጂ!" ይታገሱ አንገቴን አቅፎ ሳመኝ። አባቴ በጋቢያቸው ጫፍ የሳቅ እንባቸውን ጠረጉ። እኔም ሳቅሁ። ከሚስቁት መካከል መቆም ምን ያህል እንደሚሞቅ ያን ቀን ዐወቅሁ።

ነጯ ተገዛች።

ግራጫዋን በሳምንቱ እትየ ዓባይነሽ የሚባሉ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ወሰዷት። ሊያይዋት ሲመጡ እኔ ከማንጎው ሥር ነበርሁ። ዐዋቂ አላስጠሩም። የኋላ በሯን ከፈቱ፣ መቀመጫዋን አሳጠፉ፣ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና በጀርባቸው ተንጋለሉባት። እግራቸው በሩን አልነካም። ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉና፣ "ስምንት ጆንያ ትይዝልኛለች፤ እንቅልፍ ሲመጣብኝም እተኛባታለሁ" ብለው ቁልፉን ተቀበሉ። እኔ ያየሁትን ያየ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እውነቱን ለመናገር፣ ጥር ሲገባ ነገሩን ረስቼው ነበር። ነጯ በአበባና በሪባን ተጊጣ ሙሽራ ስትጭን ከረመች። በጅጋ ሰርግ፣ በደምበጫ ሰርግ፣ የእኛ መኪና ከፊት ናት። አያ ሰውነት ባገኙኝ ቁጥር፣ "እንዴት ነው የሌባው ቤት?" ይሉኛል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ፈገግ እላለሁ።

በግንቦት አባቴ ከመሰላል ወደቁ። የግቢያችንን ጣሪያ ቆርቆሮ ሊመቱ ወጥተው ነው። የቀኝ ጭናቸው ተሰበረ። ሐኪም ባሕር ዳር ሄደው ብረት ይግባላቸው ቢል፣ "ይህ ሥጋ ቢላዋ ሳይነካው ነው አፈር የሚገባው" ብለው አሻፈረኝ አሉ። ወጌሻ ከአዊ በኩል መጣና ከወገባቸው እስከ ተረከዛቸው በቀርቀሃ አሰራቸው። "አርባ ቀን" አለ። "አርባ ቀን አይቀመጡም፣ አይጎብጡም። እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ይተኛሉ። ይህ ከታጠፈ እኔ የለሁበትም።"

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ዘሩ ከበራችን ላይ ቆመ።

ዘሩ የአክስቴ የእማዋይሽ ልጅ ነው። ከቡሬ ወዲያ ካለው መንደራቸው እስከ ከተማ በእግሩ፣ ከዚያ ወዲህ ባገኘው ጋሪ እየተሳፈረ ነው የመጣ። ግባ ብንለው አልገባም፤ ውኃ ብንሰጠው አልጠጣም። በእነሱና በእኛ መካከል አሥራ አንድ ዓመት ውኃ አልተጠጣም። አባቴ ከእኅታቸው ጋር በሚያዋስናቸው ድንበር ላይ፣ ከድንበሩም አልፈው፣ ባሕር ዛፍ ተከሉ። ዛፉ መሬቷን ጠጣው፤ ጤፏ ጠወለገ። ከሰሰች። አባቴ ምስክር ቆጥረው ረቷት። ከዚያ ወዲህ እኅቲቱ ሲያለቅሱ ወንድምዬው አልሰሙም፤ ወንድምዬው ልጅ ሲድሩ እኅቲቱ አልመጡም። ይታገሱን መኪና ለመግዛት የረዳውም ይኸው ባሕር ዛፍ ነው።

"እናቴ ደክማለች" አለ ዘሩ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ ድምፁን ወደ ቤት እየላከ። "ቄሱ አቁርበዋታል። 'መንበሩ ይምጣልኝ። ይፍታኝ፣ ልፍታው። ዓይኑን ሳላይ እንዳትቀብሩኝ' ትላለች።"

አባቴ ከተኙበት ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ከዚያ፣ "ድንጋይ አምጡልኝ" አሉ።

ይህን የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከተበደለው ደጅ ይወድቃል። ድንጋዩን የሚያነሣለት የተበደለው ራሱ ነው፤ በገዛ እጁ። እስኪያነሣለት ድረስ ቀና አይልም።

"አባ፣ ለጊዜው በስልክ ብናገናኝዎትስ?" አለ ይታገሱ።

"ድንጋዩን በስልክ ማን ያነሣልኛል?"

ከግቢያችን አጥር ሥር የሰው ራስ የምታህል ጥቁር ድንጋይ መርጬ አመጣሁላቸው። "ትንሽ ናት" አሉ። ሌላ አመጣሁ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ረቡዕ ነው፣ አባቴን ከነአልጋው ጣውላ ተሸክመን ከነጯ ዘንድ አደረስናቸው። የፊት መቀመጫውን እስከሚሄድበት ወደ ኋላ አስተኛነው። እግራቸው ከመሪው ጎን ካለው ፕላስቲክ ጋር ተጋጭቶ ቀረ። አወጣናቸው። በኋላ በር በጎን አስገባናቸው። ራሳቸው ከወዲያኛው በር ሲደርስ ከጉልበታቸው በታች ውጭ ቀረ። ዘሩ፣ "በሩን በገመድ አስረን ክፍቱን እንሂድ" አለ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከዚያ በኋላ ኮረኮንች፣ እግራቸው በነፋስ ላይ ተንጠልጥሎ። ይታገሱ የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ አጎነበሰና ግድግዳውን በቡጢ ደበደበው። ነጯ ከኋላ መቀመጫዋ ጀርባ ድፍን ናት፤ እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ እንኳ የላትም።

"ቀርቀሃውን ቁረጡት" አሉ አባቴ።

"አባ፣ ወጌሻው..."

"ቁረጡት አልሁ!"

ይታገሱ መጋዝ አምጥቶ ከጉልበታቸው ላይ አስጠጋ። ገና ጉልበታቸውን ልናጥፍ ስንነካው አባቴ የጮኹት ጩኸት እስከ አደባባዩ ተሰማ። እሳቸው ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። መጋዙ ከይታገሱ እጅ ወደቀ።

ሌላ መኪና ፈለግን። ሚኒባሶቹ ነዳጅ አጥተው መነኻሪያ ከቆሙ ሳምንት ሆኗቸዋል። አምቡላንሱ ወላድ ሊያመጣ ገጠር ወርዷል፤ ደግሞስ ለእርቅ መንገድ ማን አምቡላንስ ይሰጣል? ሰው ሁሉ አንዱን ስም ሲጠራ ሌላውን ሲያነሣ እኔ ከነጯ ጎን ቆሜ የማውቀውን ዐውቃለሁ። ከዚያ ዕለት ከጥቅምት ጀምሮ አውቃለሁ።

"ግራጫዋ" አልሁ። አልተንተባተብሁም። "የእትየ ዓባይነሽ። በእሷ ተኝተው ይሄዳሉ።"

ይታገሱ ዞሮ አየኝ። "ቆራጣዋ?"

"አዎ። የኋላ መቀመጫዋ ሲታጠፍ ወለሏ ሜዳ ነው። እግር ይዘረጋባታል።"

ለአፍታ እንደማያውቀኝ ሰው አየኝና ቁልፉን አነሣ።

በነጯ ቡሬ ገባን። የእትየ ዓባይነሽ የበርበሬ መጋዘን ተዘግቷል። ሴት ልጃቸው ያምሮት ከደጁ ላይ በርበሬ ታሰጣለች። "እማዬ ሽንኩርት ልታመጣ ቆጋ ሄዳለች" አለችን። ቆጋ ከመራዊ አጠገብ ነው፤ በግድቡ ውኃ ሽንኩርት የሚያለሙበት። "ስልኳ አይሠራም፤ ያ ሁሉ አገር ኔትወርክ የለውም። ማታ ትመጣለች፤ ካልመጣችም ነገ።" ይታገሱ አባቴንና ዘሩን ሊያይ ተመለሰ። እኔ ከመጋዘኑ ደፍ ተቀምጬ ዋልሁ። በመንገዱ የመጣውን መኪና ሁሉ፣ ገና ከሩቅ፣ በጀርባው ነው የምመዝነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጡ፤ ግራጫዋ በአቧራ ቀልታ፣ እስከ ጣሪያዋ ሽንኩርት ሞልታ። እትየ ዓባይነሽ ነገሩን ቆመው ሰሙኝ።

"እኔን! ምነው ቀድማችሁ አልጠየቃችሁኝ?" አሉ። ከዚያ መሪው ላይ ያለውን ቁጥር አሳዩኝ። "እይ፣ ባትሪዋ አልቋል። ከመሸ ደግሞ መኪና አይንቀሳቀስም፤ ታውቃለህ የዘንድሮን የጸጥታ ነገር። ሌሊቱን ትሙላ። ጎህ ሲቀድ እንወጣለን። እህት ናት፤ ወንድሟን ሳታይ አትሄድም፤ አይዞህ።"

ሐሙስ ፀሐይ ስትወጣ ከቤታችን ደጅ ነበርን። የኋላ በሯ ወደ ላይ ተነሣ። አፏ ከጉልበት አይበልጥም፤ ወለሏም ከአፏ ጋር እኩል ነው፤ የሚያደናቅፍ ደፍ የለውም። ፍራሽ አነጠፍን። አባቴን ከነጣውላቸው አምጥተን፣ ይታገሱ ከራስጌ ዘሩ ከግርጌ ሆነው፣ እንደ መሳቢያ ገፋ ሲያደርጓቸው ገቡ። አለቀ። አልጮኹም። በሩ ሲዘጋ ከተረከዛቸው እስከ መስተዋቱ አንድ ስንዝር ተርፏል። ይታገሱ በመስተዋቱ በኩል ያችን ስንዝር አየ፤ እኔም አየሁት። ከዚያ ሊከተለን ወደ ነጯ ሄደና በሯን ከፍቶ ሳይገባባት ቆመ። በመጨረሻም መልሶ ዘግቷት ወደ ቤት ገባ።

እኔና ዘሩ ከአባቴ ግራና ቀኝ ተጣጥፈን ተቀመጥን። ድንጋዩ ከእግራቸው ጎን ነው።

ገና ከከተማ ሳንወጣ አባቴ አነጠሱ። ደገሙ። ሠለሱ።

"ይማርዎት አባቴ!" አሉ እትየ ዓባይነሽ ከመሪው ላይ ሆነው። "የበርበሬ ብናኝ ነው፣ ምን ባጥባት አይለቃትም። ይቅርታ ያርጉልኝ።"

"ይቅርታን ለእኔ ተይልኝ፤ ዛሬ የእኔ ቀን ነው" አሉ አባቴ። ዘሩ እንኳ ፈገግ አለ።

መኪናዋ ድምፅ የላትም። አባቴ በኋላ መስተዋቷ የባሕር ዛፉን ጫፍና ሰማዩን እያዩ ሄዱ። ግንባራቸው ተፈታ። "ሠጋር በቅሎ ናት" አሉ ቀስ ብለው። "ልጅ ሆኜ ያባቴ በቅሎ እንዲህ ነበር የምትሄድ። ውኃ ብትሸከም አይፈስባትም።" ከዚያ፣ "ገነነ" አሉ።

"አቤት፣ አባ።"

"ይኸን ታውቅ ነበር? እንዲህ ሰው እንደምታስተኛ?"

አላውቅም ነበር ማለት እችል ነበር። ዘሩ ወደ ውጭ ያያል። እትየ ዓባይነሽ መንገዱን ይዘዋል።

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ምነው?"

"ሰው ሲስቅ... ደስ አለኝ፣ አባ።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ዓይናቸውን ከሰማዩ አልነቀሉም።

"እኔም ስቄያለሁ" አሉ። "እማዋይሽን ስረታትም ሰው ሁሉ ከእኔ ጎን ነበር። ደስ ይል ነበር።"



ከቡሬ አልፈን ከአስፋልቱ ወጣን። መንገዱ ኮረኮንች ሆነ። እትየ ዓባይነሽ እንደ እንቁላል ነጋዴ ቀስ እያሉ፣ ድንጋይ ድንጋዩን እየሸሹ ነዱ። የመንደሩ አናት ላይ ስንደርስ ዘሩ በድንገት፣ "አቁሙልኝ" አለ። ቆሙ። የማትጮኽ መኪና ናትና፣ ከወንዙ ማዶ የሚነፋው ጥሩንባ ጥርት ብሎ ተሰማ። አንዴ ረጅም። ዝም። እንደገና ረጅም።

"የእኛ ሰፈር ነው" አለ ዘሩ።

ስንደርስ አስከሬኑ ከቤት ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊነሣ ነበር። ትናንት ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው ያረፉት አሉን። ሰብለ የምትባል፣ ያስታመመቻቸው ጎረቤት፣ የነጠላዋን ጫፍ ወገቧ ላይ እንዳሠረች መጥታ ዘሩን አንገቱን ይዛ አለቀሰች። "ቀኑን ሙሉ በሩን አታዘጋንም" አለች። "ከማዶ የመኪና ድምፅ ሲሰማ 'መጣ፣ ቀና አድርጉኝ' ትል ነበር። ቀና እናደርጋታለን። ያልፋል። ደግሞ እናስተኛታለን።"

እኔ የኋላውን በር ያዝሁ። ልክፈተው አልክፈተው አላወቅሁም። ሰው ሁሉ ወደዚህች ድምፅ ሳይኖራት ወደመጣች ግራጫ መኪና ዞሯል።

"ክፈተው" አሉ አባቴ ከውስጥ።

ከፈትሁት። ቄሱ አስከሬኑን ለተሸከሙት በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ቃሬዛው ወደ እኛ መጥቶ ከበሩ አፍ ፊት ለፊት፣ ከአባቴ ወለል ጋር እኩል በሚሆን ከፍታ ተያዘ። ወንድምና እኅት ግርጌ ለግርጌ ተኙ፤ አንዱ በቀርቀሃ፣ አንዷ በሰሌን ተጠቅልለው።

"ድንጋዬን" አሉ አባቴ።

አንሥቼ በአንገታቸውና በደረታቸው መካከል አስቀመጥሁላቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት።

"እማዋይሽ" አሉ። "እማዋይሽ እናቴ። ከድንበርሽ አልፌ የተከልሁት እኔ ነኝ። አውቅ ነበር። ምስክሩም እኔን ፈርቶ ነው። ፍቺኝ።"

ነፋስ የሰሌኑን ጫፍ አነሣው። ከዚያ ዘሩ እንባውን በክንዱ ጠርጎ ወደ አባቴ ቀረበና እጁን ወደ ድንጋዩ ዘረጋ።

"አጎቴ፣ እኔ ላንሣልዎት። ስለ እሷ ይቅር ብያለሁ።"

"ልጇ ነው፤ ያንሣልህ መንበሩ" አሉ ቄሱ። "እግዚአብሔር ይፍታህ።"

አባቴ ድንጋዩን ጠበቅ አድርገው ያዙት። "ተው፣ ልጄ። አንተ ስላልህ እግዜር ይስጥልኝ። ይኸ ግን ያንተ አይዶል። የምታነሣው እሷ ነበረች።"

ዘሩ እጁን መለሰ። ቃሬዛው ተነሣ። እትየ ዓባይነሽ መኪናዋን ከለቀስተኛው ኋላ በእግር ሰው ፍጥነት አስከተሏት፤ የኋላ በሯ እንደ ተከፈተ፣ አባቴም ሰማይ ሰማይ እያዩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ፍትሐቱ ፍጻሜ እዚያው ተኝተው ቆዩ። ድንጋዩን ከደረታቸው አላወረዱም። እኔ የወሰድሁባቸው በመመለሻው ላይ፣ እጃቸው ደክሞ ሲላላ ነው።

ዘሩ ከእናቱ መቃብር ጋር ቀረ፤ ስለዚህ ስንመለስ ከኋላ እኔና አባቴ ብቻ ነበርን። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ እንቅልፍ ይሁን ሌላ አልጠየቅሁም። ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ፣ በስንት ሕልሜ ባየሁት መስተዋት መንገዱ ከእኛ እየራቀ ሲሄድ አያለሁ። ልክ እንዳሰብሁት ነበር። ሰፊ፣ ጸጥ ያለ፣ ሰማይ የሞላበት።

ድንጋዩ ግን አላርፍ አለ። መኪናዋ ወደ ግራ ስትታጠፍ ወደ ቀኝ ይንከባለላል፤ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ተመልሶ ከአባቴ ቀርቀሃ ጋር ሊጋጭ ይመጣል። ወለሏ ሜዳ ነው፤ የሚያግደው የለም። እስከ ፍኖተ ሰላም በእግሬ ደግፌ ይዤው ሄድሁ።